ጆንያ ሰፊዋና የጣሪያው ጉጉት

ሴትዮዋ ቀኝ ጆሮዋ አይሰማም። ልጅ ሳለች ክፉ ትኩሳት ያዛት፤ ትኩሳቱ ሲለቃት ቀኝ ጆሮዋንም ይዞት ሄደ። ከዚያ ወዲህ ሊያናግራት የፈለገ ሁሉ በግራዋ በኩል ዞሮ ነው የሚመጣው። ይህን የማያውቅ ሰው አውቶብስ ላይ በቀኟ ተቀምጦ ሰዓት ይጠይቃትና፣ ዝም ስትለው "ምን ያለችው ኩሩ ናት!" ብሎ ይቀየማል።

ባሏ አናጢ ነው። ነገሩን የደረሰበት ገና ሳይጋቡ ነው። አንድ ቀን መንገድ ለመንገድ አብረው እየሄዱ፣ በቀኟ በኩል ሆኖ፣ ላብ እስኪያጠምቀው ድረስ አግቢኝ ብሎ ለምኖ ሲጨርስ ዞር አለችና "አንድ ነገር አልክ እንዴ?" አለችው። ምስኪኑ ወደ ግራዋ ዞሮ ሁሉንም ከሀ ጀመረ። በዚያው "ግራዬ" ብሎ ስም አወጣላት። ስሙ ከቤት ወጥቶ ሰፈሩን አዳረሰ፤ ከሰፈሩ አልፎ እሷ የምትሠራበት የእህል መጋዘን ገባ።

"ካንቺ ጋር የኖረ ሰው እንዴት ግራ አይገባው!" ይላል አናጢው ሲቀልድባት።

"ቀኝ ከገባህማ ማን ይሰማሃል?" ትለዋለች እሷም።

መጋዘኑ ቆርቆሮ የለበሰ ረጅም ቤት ነው። እህሉ በጆንያ ተሞልቶ፣ ጆንያው በጆንያ ላይ ተደራርቦ፣ የጣሪያው ወራጅ ድረስ ይደርሳል። በመካከሉ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ መተላለፊያ አለ። የግራዬ ቦታ ከትልቁ ሚዛን አጠገብ፣ መስኮቱ ሥር ነው። አንዲት ዱካ፣ አንድ ጥቅል ሲባጎ፣ የመዳፍ ያህል የምትረዝም የጆንያ መርፌ፣ ከጎኗ ደግሞ የተቀዳደደ ጆንያ ክምር። ሥራዋ መጣፍ ነው። ከጆንያዎቹ ጥቂቶቹን የሚቀደው የጫኞቹ ሜንጦ ነው፤ የቀረውን የሚበላው አይጥ ነው። ጫኞቹ ጠዋት ሲገቡ ሰላምታቸው የታወቀ ነው።

"ግራዬ፣ አሠሪዎችሽ ደህና አደሩ ወይ?"

"ደህና አድረዋል። ሌሊቱን ሲሠሩልኝ ነው ያደሩት" እያለች የተቦደሰውን ጆንያ ከፍ አድርጋ ታሳያቸዋለች።

ቀልድ ነው እንጂ አይጥ ትጠላለች። ሲቧጥጡ ትሰማለች፤ ግን በአንድ ጆሮ የሚሰማ ሰው ድምፁ ከየት እንደሚመጣ አያውቅም። ከጀርባዋ ይሁን ከፊቷ፣ ከላይ ይሁን ከታች አይለይላትም። ስለዚህ አይጥ በተንኮሻኮሸ ቁጥር እግሯን ከመሬት አንሥታ ዱካዋ ላይ ትሰበሰባለች። ይህን ያዩት ጫኞች ብዙ ስቀውባታል።

የዝናቡ ወራት እንዳበቃ ነው ነገሩ የመጣው። ፀሐይ ልትገባ ስትል፣ ግራዬ መርፌዋን ሰብስባ ልትነሣ ስትል፣ አንድ ነጭ ነገር ከራሷ በላይ አለፈ። ትልቅ ነው። ክንፍ አለው። ከጣሪያው ሥር ካለው ከድሮው የአየር ማስገቢያ ሳጥን ወጥቶ በተከፈተው በር ወደ ሜዳው ሄደ። ኮሽታ የሚባል የለውም። ግራዬም ለእሷ ብቻ ያልተሰማት መሰላት። ዞር ስትል ግን የጫኞቹ አለቃ ጆንያውን ከትከሻው ጥሎ ቆሟል። ይህ ሰው ሲያናግሩት የሚመልሰው ከመንገድ ማዶ እስኪሰማ ስለሆነ "ጥሩምባ" ይሉታል።

"ሰማሽ?" አላት።

"እኔማ አልሰማሁም።"

"እኔም አልሰማሁም!" ብሎ ጮኸ። "እኔን ያስፈራኝ እሱ ነው እኮ!"

በማግስቱ መጋዘኑ ሁሉ ወሬው ጉጉት ሆነ። ፊቷ የሰው ነው አሉ። ስትጮህ ቆርቆሮ የሚቀደድ ይመስላል አሉ። ክፉ ወፍ ናት፣ የገባችበት ቤት አይባረክም ያለም አለ። ጥሩምባ ረጅም ዘንግ ይዞ መጣ። ግራዬ ሚዛኑ ላይ ወጥታ ከፊቱ ቆመች።

"ምን አደረገችህ?"

"ምንም አላደረገችኝም። ዝም ብላ ታየኛለች።"

"እኔም ዝም ብዬ ነው የማይህ። እኔንም በዘንግ ልትመታኝ ነው?"

ጫኞቹ ሳቁ። ጥሩምባ አፍሮ ዘንጉን ግድግዳው ላይ አስደገፈው። ከፈለገ ነገ እንደሚያነሣው ግን ግራዬ አውቃዋለች፤ ስለዚህ ወደ ቤቷ ስትሄድ ዘንጉንም ይዛው ሄደች። አናጢው አገላብጦ አየውና መጥረጊያ ገጠመበት።

ከዚያ በኋላ ግራዬ ሳጥኑ ሥር፣ ወለሉ ላይ፣ ጥቁር የሚያብረቀርቅ እንክብል ማግኘት ጀመረች። የአውራ ጣት ያህላል። ስትጫነው ከውስጡ ፀጉርና አጥንት ወጣ። ጉድ ነው ብላ በወረቀት ጠቅልላ፣ ወደ ቤቷ መንገድ ላይ ወዳለው የእንስሳት ክሊኒክ ወሰደችው። ሐኪሟ ወጣት ናት። እጅጌዋን እስከ ክርኗ ጠቅልላ የአንዲት ፍየል ሰኮና እያጠበች ነበር። እንክብሉን ስታይ ፍየሏን ለባለቤቷ አስረክባ፣ እጇን ታጥባ፣ ወንበር ሳበች።

"የት አገኙት እትዬ?"

"መጋዘን። ምንድነው ልጄ? በሽታ ነው?"

"በሽታ አይደለም። ጉጉት አይጧን እንዳለች ነው የምትውጣት። ሥጋው ይፈጭና አጥንቱና ፀጉሩ እንዲህ ተድቦልቡሎ በአፏ ይወጣል።" በመቆንጠጫ ቀስ እያለች ፈታታችው። የአይጥ የራስ ቅል ወጣ፤ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ። ነጭ ጨርቅ ላይ በተራ ደረደረቻቸው። "የአንድ ሌሊት እራቷ ነው ይሄ። ጫጩት ካላት ደግሞ ከዚህ ብዙ እጥፍ ታድናለች።"

ግራዬ ክምሩን አየች። ጆንያዎቿን ያቆሳሰሉት ጥርሶች ናቸው። ሳታስበው ሳቋ መጣ።

ሐኪሟ የጠየቁትን መመለስ የምትወድ ልጅ ናት። የላባው ጠርዝ እንደ ዘርፍ ስስ ስለሆነ አየሩን ሳያንኮሻኩሽ እንደሚያልፍ ነገረቻት። ፊቷ የልብ ቅርፅ የያዘው ለውበት እንዳልሆነ፣ ድምፅ ሰብስቦ ወደ ጆሮዋ የሚልክ ሳህን እንደሆነ ነገረቻት።

"ጆሮዎቿ ደግሞ እኩል አይደሉም። አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ ብሎ ነው የተቀመጠው። ድምፁ ለአንዱ ቀድሞ፣ ለሌላው ዘግይቶ ይደርሳል፤ ከላይ ሲመጣና ከታች ሲመጣም ይለያያል። በዚያ ልዩነት አይጧ የት እንዳለች ታውቃለች። ድቅድቅ ጨለማ ቢሆን ግድ የላትም።"

ግራዬ እጇ ሳይታወቃት ወደ ቀኝ ጆሮዋ ሄደ።

"አቤት መታደል!" አለች። "ታዲያ ለኔ ትንሽ ብታበድረኝ ምን ነበረበት?"

ከዚያ ቀን ጀምሮ የምሳ ሰዓት ሲደርስ ጫኞቹ ጥላ ሲፈልጉ፣ ግራዬ ምግቧን ይዛ ጆንያው ላይ እንደ ደረጃ እየረገጠች ትወጣለች። ከሳጥኑ ትንሽ ራቅ ብላ ትቀመጣለች። ውስጡ አምስት ጫጩት አለ። አስቀያሚዎች ናቸው፤ ነጭ ጥጥ የለበሱ፣ አፍንጫቸው የረዘመ ሽማግሌዎች ይመስላሉ። ቁመታቸው እንደ ወንድማማች ልጆች ደረጃ በደረጃ ነው፤ ትልቁ ላባ ማውጣት ሲጀምር ትንሹ ገና ራሱን ማቆም አልቻለም። እናትየዋ የመጀመሪያውን እንቁላል እንደጣለች መታቀፍ ስለምትጀምር ነው ብላታለች ሐኪሟ፤ እንደተጣሉት ተራ በተራ ይፈለፈላሉ።

ሲርባቸው ያንኮራፋሉ። ሌላ ቃል የለውም። አምስቱም አንድ ላይ፣ የጠገበ ሰው ከምሳ በኋላ እንደሚያንኮራፋ።

አንድ ቀን ያየችውን ለአናጢው እያወራች እንባዋ መጣ። ትልቁ ጫጩት ከሌሊቱ የተረፈ አይጥ በአፉ ይዞ ነበር። ትንሹ ከጥግ ሆኖ አንኮራፋ። ትልቁ ትንሽ አሰበ፤ እንዳሰበ በዓይኗ አይታለች። ከዚያ ተንፏቆ ሄደና አይጡን የትንሹ አፍ ላይ አስቀመጠለት።

"እኔና ወንድሜ በአንዲት ከረሜላ ተፈነካክተናል እኮ" አለ አናጢው፤ ግንባሩ ላይ ያለችውን ጠባሳ እየዳሰሰ።

መጋዘኑን የሚያስተዳድረው ኃላፊ ክፉ ሰው አይደለም። ጭንቀታም ነው። ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ማበጠሪያ አይጠፋም፤ ሲጨንቀው ፀጉሩን ያበጥራል፤ ብዙ ስለሚጨንቀው ፀጉሩ እያለቀ ነው። አንድ ትልቅ ገዢ መጋዘኑን ሊያይ እንደሚመጣ በሰማ ቀን የአይጥ መርዝ አስመጣ። ሮዝ እንክብል በየግድግዳው ሥር ተረጨ። ግራዬ ቢሮው ድረስ ሄዳ ለመነችው።

"አለቃ፣ ጉጉቶቹስ?"

"ጉጉት መርዝ አይበላም። ሥጋ በል ነው፤ አንቺው አይደለሽ የነገርሽን?" ብሎ ማበጠሪያውን አወጣ። ከዚያ በኋላ ያለችውን ሁሉ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

አይጦቹ በጠራራ ፀሐይ መተላለፊያው መሃል እንደሰከረ ሰው ሲንገዳገዱ ታዩ። ጫኞቹ መርዙ ሠራ ብለው ተደሰቱ። ብዙም ሳይቆይ አንድ ጠዋት ግራዬ ከሁሉም ቀድማ በበሩ ስትገባ የጫጩቶቹን አባት፣ ወንዱን ጉጉት፣ ከሚዛኑ አጠገብ ክንፉን ዘርግቶ ወድቆ አገኘችው። ከአፉ ጠርዝ ደም ወጥቷል። ያ የልብ ቅርፅ ፊቱ ወደ መሬት ዞሯል።

ፈቃድ አልጠየቀችም። ከአዳዲሶቹ ጆንያዎች አንዱን ዘርግታ ጠቀለለችውና ወደ ክሊኒኩ ከነፈች።

ሐኪሟ ገልጣ አየችው፤ ምንቃሩንም ከፍታ ደሙን ተመለከተች።

"መርዙን እሱ አልበላውም" አለች በመጨረሻ። "መርዝ የበላች አይጥ ነው የበላው። መርዙ አይጧን ወዲያው አይገድላትም። ትፈዛለች፤ መሸሽ ያቅታታል። የፈዘዘችውን ደግሞ አዳኝ ቀድሞ ነው የሚያነሣት። ከዚያ መርዙ እሱም ውስጥ ገብቶ ደሙ አልረጋ ይላል።"

"እናትየዋስ? ልጆቹስ?"

"ከዚያው አይጥ ከበሉ እነሱም ያልቃሉ። ባይበሉም እንኳ ብቻዋን አምስት ማሳደግ አትችልም።"

ግራዬ ወፉን እንደያዘች ተመልሳ ኃላፊው ቢሮ ገባች። ለመጮኽ ተዘጋጅታ ነበር የሄደችው። እዚያ ስትደርስ ግን ጆንያውን ጠረጴዛው ላይ ብቻ ፈታችለት። ኃላፊው ማበጠሪያውን አላወጣም። ብድግ ብሎ፣ ዕድሜ ልኩን ከክብደት ጋር የኖረ ሰው ስለሆነ መሰለኝ፣ ወፉን በሁለት መዳፉ አንሥቶ መዘነው።

"ምንም አይከብድም" አለ ደንግጦ። "እኔ ትልቅ ነገር መስሎኝ። ላባ ብቻ ነው እኮ።"

"ላባ ብቻ ነው" አለች ግራዬ።

"ገዢውን ምን ልበለው? አይጥ እየሮጠ ሊያይ ነው።"

"ቀዳዳውን በሲሚንቶና በቆርቆሮ እንድፈን። ወጥመድ እናጥምድ። መርዙን ዛሬ ያስጠርጉልኝ። ባሌ ሳጥን ይሠራል፤ ሌሎች ጉጉቶችም እንዲገቡበት።"

ኃላፊው ቀና ብሎ አያት። "የምትይውን ታውቂያለሽ? አይጥ ካለቀ ጆንያ ማን ይቀዳል? አንቺስ ምን ልትሠሪ?"

ይህን ሳታስበው ቀርታ አይደለም። "እሱን ያኔ እናየዋለን" አለች።

የዚያን ዕለት ጫኞቹ መርዙን በመጥረጊያ ሰበሰቡ። የገረማቸው ኃላፊው ራሱ ተንበርክኮ ከጆንያዎቹ ሥር ያለውን በእጁ እየጎረጎረ ማውጣቱ ነው።

ሐኪሟ ከከተማው ዳር፣ የጡብ ፋብሪካው ማድረቂያ ቤት ጣሪያ ሥር ሌላ ጎጆ ታውቅ ነበር። እዚያ ሁለት ጫጩት ብቻ ነው ያለው። ሁለቱን ትንንሾች ከመጋዘኑ ወስዶ እዚያ መጨመር ይቻላል አለች። ጉጉት ጎጆዋ ውስጥ የገባውን ጫጩት የኔ ነው፣ የኔ አይደለም ብላ አትመረምርም፤ አፉን የከፈተውን ታጎርሳለች።

ሳጥኑ ድረስ መሰላል አቁሞ የሚወጣ ረጅም ሰው ተፈለገ። ሁሉም ጥሩምባን አዩት።

"እኔ? አይሆንም!"

"ሁለት ጆንያ ባንዴ የሚሸከም ሰው ጫጩት ፈራ?" አለው አናጢው መሰላሉን እየያዘለት።

ጥሩምባ እየተራገመ ወጣ። ሳጥኑ ላይ እንደደረሰ አምስቱም እንደ እባብ ፉጨት ለቀቁበት፤ መሰላሉ ተንቀጠቀጠ፤ አናጢው ዓይኑን ጨፈነ። ሰውየው ግን አልወደቀም። ትንንሾቹን አንድ በአንድ አንሥቶ ጃኬቱ ውስጥ ከተታቸውና ቀስ እያለ ወረደ። ታች ሲደርስ አንዱ ጫጩት በአንገቱ በኩል ራሱን አውጥቶ አገጩን ያየዋል።

"ዝም በሉ፣ ተኝቷል መሰለኝ አንደኛው" ብሎ አንሾካሾከ። በሕይወታቸው ጥሩምባ ሲያንሾካሹክ የሰሙት ያን ቀን ብቻ ነበር። ክሊኒኩ መኪና ድረስም ሌላ ሰው እንዲይዝለት አልፈቀደም።

ጡብ ፋብሪካው ሲደርሱ ፀሐይ ወደ መግቢያዋ ነበረች። ሐኪሟ ጫጩቶቹን ከነባሮቹ ጋር ደባልቃ ወረደች። አራቱም፣ ግራዬ፣ አናጢው፣ ሐኪሟና ጥሩምባ፣ ያልተተኮሰ ጡብ ተደርድሮ የሚደርቅበት ሜዳ ላይ ተቀመጡ። ግራዬ ካለችበት ምንም አይሰማትም። አናጢው በግራዋ ተጠግቶ በጆሮዋ ይነግራታል።

"እያንኮራፉ ነው... ሁሉም... አንዱ ይጮኻል፣ የኛው መሰለኝ... አሁን ዝም አሉ።"

የፋብሪካው ጎጆ እናት ከሜዳው መጣች። አይጥ ይዛለች። ጣሪያው ጫፍ ላይ አርፋ ወደ ውስጥ ተመለከተች። ግራዬ የባሏን እጅ ጨበጠች። ጉጉቷ ገባች። ትንሽ ቆይታ ባዶ አፏን ወጥታ ወዲያው ወደ ሜዳው በረረች፤ ሥራ የበዛባት ሴት ነገር።

"ተቀበለቻቸው!" አለች ሐኪሟ። ጥሩምባ ዓይኔ ውስጥ የጡብ አቧራ ገባ ብሎ ፊቱን አዞረ።

መጋዘን የቀሩት ሦስቱ እናታቸው ብቻዋን አሳደገቻቸው። አናጢው ደግሞ ሥራ አገኘ። ከኮምፔርሳቶ ሰፊ ሳጥን ሠራ፤ ወለሉ ላይ ሰጋቱራ አነጠፈ፤ መግቢያውን ሐኪሟ እንዳሳየችው ከወለሉ ከፍ አድርጎ ቀደደ፣ ጫጩት ተንከባሎ እንዳይወድቅ። አንዱን መጋዘኑ ውስጥ፣ ሌላውን ከውጭ ግድግዳው ላይ ሰቀለ። በሚቀጥለው ዓመት ጉጉት ገብቶባቸው ሁለቱም ሰው እንዳለበት ቤት ሆኑ።

ገዢው በዝናቡ ወራት የተቆረጠው መንገድ እስኪጠገን ዘግይቶ ነበር የመጣው። ሲመጣ ቀዳዳዎቹ ተደፍነዋል፤ ወጥመዶቹ ተደርድረዋል። ሰውየው ቀና ብሎ ጉጉቷን አየና "ይቺም ደመወዝ አላት?" ብሎ ጠየቀ። ኃላፊው ሲስቅ ግራዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየችው ያኔ ነው።

የተቀደደው ጆንያ ክምር ግን እያነሰ ሄደ። መጀመሪያ ጉልበቷ ድረስ ወረደ፤ ቀጥሎ ግማሽ ቀን የሚያሠራ ጠፋ። ግራዬ የደህናውን ጆንያ ስፌት እያጠበቀች ቀኑን መግፋት ጀመረች። ኃላፊው ለብዙ ጊዜ ያላየ መስሎ አለፋት። አንድ ቀን መጥቶ አጠገቧ ቁጢጥ አለ፤ በግራዋ በኩል። ማበጠሪያውን በእጁ ያገላብጣል።

"እንዴት ብዬ እንደምነግርሽ..."

"አውቄዋለሁ አለቃ። አይጨነቁ፣ ፀጉርዎ ያልቃል።"

ቤት ስትደርስ ግን ሆዷ ባሳት። መጋዘኑ ወጣት ሳለች የገባችበት ቤት ነው። ስፌቷ ጆንያው ሁሉ ላይ አለ። አናጢው ሲመጣ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ አገኛት። ጉጉቶቹን ጠላሻቸው ወይ ብሎ ጠየቃት።

"እንዴት እጠላቸዋለሁ?" አለች አፍንጫዋን እየጠረገች። "እጄ ሥራ ፈታብኝ ነው የምልህ።"

እጇ ብዙ ሥራ ፈትቶ አልቆየም። ጆንያ የምትሰፋበት መርፌ የጭነት መኪና ሸራም ይወጋል። ጥሩምባ ለሚያውቃቸው ሾፌሮች ሁሉ በዚያ ድምፁ ለፈፈላት። አሁን ግቢዋ ውስጥ ሁልጊዜ ሸራ ተዘርግቶ ነው የሚገኘው፤ ጫማ ሳያወልቁ የረገጡትን ትቆጣለች። ሾፌሮቹ ስፌቱ እስኪያልቅ ተቀምጠው ያወራሉ። እሷም ወሬውን ዞር አድርጋ ጉጉት ላይ ታመጣዋለች።

በቅርቡ አንድ ሾፌር፣ እህል የሚያራግፍበት መጋዘን ሰዎች የገባችባቸውን ነጭ ጉጉት በድንጋይ እንዳባረሯት እየሳቀ አወራ። ግራዬ መርፌዋን ሸራው ላይ ሰክታ ተነሣች።

"ሸራህን ይዘህ ሂድ።"

"ኧረ እትዬ! ምን አጠፋሁ? እኔ አልወረወርኩም!"

"ስቀሃል። ወይ ሸራህን እንደተቀደደ ውሰድ፣ ወይ ይሄን ሳጥን ጭነህ ሂድና እዚያ አሰቅልልኝ።"

አናጢው ከበስተኋላ "ያ ሳጥን እኮ ለጡብ ፋብሪካው ነው የተሠራው" ቢልም ሰሚ አላገኘ። ሾፌሩ ሳጥኑን ከጭነቱ ላይ በገመድ አስሮ፣ ለመጋዘኑ ሰዎች ምን እንደሚነግራቸው ከግራዬ አፍ ሦስቴ አጥንቶ ሄደ። ወራት አለፉ፤ ድምፁም አልተሰማ። ግራዬ ጥሎት ይሆናል ብላ ተስፋ ቆረጠች፤ አናጢውም ስለ ኮምፔርሳቶው ማንሣት ተወ።

ባለፈው ሳምንት ከሰዓት በኋላ መኪናው ሰፈሩን እያንቀጠቀጠ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ሾፌሩ ሞተሩን እንኳ አላጠፋም። ግማሽ አካሉን በመስኮት አውጥቶ፣

"ገብታለች! ባሏንም ይዛ ገብታለች!" ብሎ ጮኸ።

ግራዬ መርፌዋን እንደያዘች፣ ሲባጎው ሸራውን እያስጎተታት፣ እየሮጠች ወጣች።